ዋዲ ውስጥ የተሠራው ክፍል

ረድኤት ከአርባ ምንጭ በውሃ ሀብት ምህንድስና ስትመረቅ ውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ በቀመር ታውቅ ነበር። ኦማን፣ ቦሻር ከተማ መጥታ በባልዲ አወቀችው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የማዳም ዙወይናን ቪላ ከላይ እስከ ታች ስትወለውል ስለ ዲግሪዋ የጠየቃት የለም፤ እሷም ከአንድ ሰው በቀር ለማንም አልተናገረችም። ያቺ አንድ ሰው ሸምሲያ ናት፤ የቤቱ ወጥ ሠሪ፣ የወሎዋ የሐይቅ ከተማ ሴት፣ አርባ ዓመት ያለፋት፣ ኦማን ከገባች አሥራ አንድ ዓመት የሆናት። ነገሩን በሰማች ቀን ቢላዋዋን ከሽንኩርቱ ላይ አንስታ ሳቀችና፣ "እንግዲያው ሽንት ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው፤ በሳይንስ ትወለውይዋለሽ" አለቻት። ከዚያ ወዲህ ስሟ ኢንጂነር ሆኖ ቀረ።

ጊዜው የኮሮናው ሁለተኛ ዓመት፣ የመስከረም ማለቂያ ነው። ሸምሲያ ታማለች። ምርመራው ኮሮና ነው ካለ ስድስት ቀኑ። የጤና ሰዎች የእጇ አንጓ ላይ ጥቁር አምባር አስረውላታል፤ ከቤት ብትወጣ የሚያሳብቅ። ማዳም ደግሞ ከዋናው ቤት አውጥታ ከግቢው ጀርባ ካለው አዲስ ክፍል አስገብታታለች። ረድኤት ምግቧን በትሪ ደጃፉ ላይ ታስቀምጣለች፤ ወሬውን በመስኮት ያወሩታል።

ስለዚያ ክፍል መናገር ያስፈልጋል። የቪላው ጀርባ ዋዲ ነው። ዋዲ ማለት በዓመት ሦስት መቶ ስልሳ ቀን ደረቅ ጠጠር፣ በቀሩት ጥቂት ቀናት ደግሞ ከተራራው የሚወርድ ወንዝ ነው። ችግሩ፣ ሰው የሚያስታውሰው ሦስት መቶ ስልሳውን ብቻ ነው። የቤቱ ጌታ ባባ ኸልፋን ከረመዳን በኋላ የጀርባውን አጥር አራት ሜትር ወደ ዋዲው ገፋውና በተገኘው መሬት ላይ ለልጆቹ መጫወቻ ብሎ ክፍል ሠራ። ልጆቹ አንድ ቀን ገብተው ይሞቃል ብለው ወጡ። የቀኝ ጎረቤቱም ገፍቷል፤ የግራውም ገፍቷል፤ ማዶ ያሉት ደግሞ ከዚያ ወደዚህ ገፍተዋል። ረድኤት ቆሻሻ ልትጥል በወጣች ቁጥር የዋዲውን ስፋት በእርምጃ ትለካ ነበር። ከሠላሳ አራት እርምጃ ተነስቶ አሥራ ሦስት ገብቷል። ለማንም አልነገረችም፤ የሚነገረው ሰው ማን እንደሆነ ስላላወቀች።

ግንበኞቹ ከአጥሩ ግርጌ ሦስት የውሃ መውጫ ቀዳዳ ትተው ነበር። ማዳም ግን ድመት ኮሮና ያመጣል የሚል መልእክት በዋትሳፕ ደረሳት፤ ድመት ደግሞ የሚገባው በቀዳዳው ነው። አትክልተኛውን ረጀብን ጠርታ በብሎኬትና በሲሚንቶ አስደፈነችው። ረጀብ አገሩ ባንግላዴሽ እያለ ግንበኛ ነበር፤ የሠራው አይነቀልም።

ቅዳሜ ጠዋት ቴሌቪዥኑ ሻሂን የተባለ አውሎ ነፋስ በባሕሩ በኩል እየመጣ መሆኑን ተናገረ። ቢሮ ሁሉ ሁለት ቀን እንዲዘጋ፣ ሰው ከዋዲ እንዲርቅ። ረድኤት የቁርሱን ትሪ ይዛ ወደ ጀርባ ሄደች።

"እትዬ ሸምሲያ፣ እንዴት አደርሽ?"

"አልሃምዱሊላህ። ማሽተት ጀምሬያለሁ። ትናንት ያመጣሽው ሩዝ አርሮ እንደነበር አሁን ገና አወቅኩ።"

"አላረረም።"

"ሳህኑን እንቺ፣ አሽችው።"

ረድኤት ሳህኑን አልተቀበለችም። "ነገ ከባድ ዝናብ አለ። ይህ ክፍል የተቀመጠው ዋዲው ላይ ነው። ወለሉ ከግቢው አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል፤ ቀዳዳው ደግሞ ተደፍኗል። ከመንገድ የገባ ውሃ መጨረሻው አንቺ ዘንድ ነው። ፎቅ መውጣት አለብሽ።"

ሸምሲያ አንጓዋን ወደ መስኮቱ ብረት አስጠጋች። "ይህን ይዤ? ስለ ሲቧ ልጅ የተላከውን ድምፅ አንቺም ሰምተሻል።"

ሰምታለች። ያልሰማ የለም። ሲብ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ልጅ አምባሩን እንዳሰረች ከክፍሏ እስከ ውጭ በር ሄዳ ዕቃ ተቀበለች፤ በሩን ሳትዘጋው የፖሊስ መኪና ደረሰ፤ በሦስተኛው ቀን አገሯ ገባች። ይህንን በኢሞ የላከችው ሴት ልጅቷን አላየቻትም፤ ከሌላ ሴት ሰምታ ነው። ረድኤት በዝንጅብልና በሎሚ የሚድን ኮሮናን ስትስቅበት፣ የድመቱን ወሬ ስትንቀው የከረመች ልጅ ናት። ይህኛውን ግን አመነችው። አምባሩን ሳተላይት ያየዋል የሚል ነበረበት።

"ቢያባርሩኝ የት ልግባ?" አለች ሸምሲያ። "ልጆቼ እንኳ ከጦርነቱ ደሴ እህቴ ዘንድ ሸሽተዋል። በዚህ መስከረም ከወሎ የሚወጣ እንጂ ወሎ የሚገባ ሰው አይተሻል?"

ረድኤት ወደ ቤት ስትመለስ ነገሩን በራሷ መንገድ አሰላችው፤ ሴትየዋ መንቀሳቀስ ካልቻለች ውሃው ይንቀሳቀስ። ቀዳዳው መከፈት አለበት።

ማዳም ሳሎን ተቀምጣ ከገበያ የመጣ ፌስታል ላይ አልኮል ትረጫለች።

"ማዳም፣ የጀርባው አጥር ቀዳዳ ካልተከፈተ ግቢው ይሞላል።"

"ድመቱስ?"

"ድመት በዝናብ አይወጣም።"

ማዳም ይህንን ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ ሌላ ፌስታል አነሳች። "አጥር የወንድ ነገር ነው። ባባን ጠይቂ።"

ባባ ኸልፋን ሲብ ነው፤ የወንድሙን ጀልባዎች ከባሕር ዳር ሊያወጣ ሄዷል። ስልኩን ሲያነሳ ከኋላው ነፋስና የሰው ጩኸት ይሰማል። ረድኤት ነገረችው። እሱም፣ ያ ዋዲ ከዛሬ አሥራ አራት ዓመቱ ማዕበል ወዲህ እንዳልመጣ፣ ቢመጣም ተራራው ላይ ግድብ እንዳለ ነገራት።

"ግድቡ የሌላ ዋዲ ነው፣ ባባ።"

"ማን ነገረሽ?"

ካርታ አይቼ ልትል ነበር። "ሰው" አለች።

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ደግሞ እኔ ብቻዬን ነኝ እንዴ የገፋሁት? የጎረቤቴ አጥር ከኔ በአንድ ሜትር ይበልጣል። መጀመሪያ እሱ ይክፈት።"

ጎረቤት ቤት የምትሠራው ዓለምነሽ ናት። ረድኤት በጣሪያው በኩል ጠርታ ጠየቀቻት። ዓለምነሽ ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰበች፣ "የኛው ደግሞ ኸልፋን ባይገፋ አልገፋም ነበር ይላል" አለች። "የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። አንቺ ግን ምን አገባሽ? መሬቱ ያንቺ ነው?"

ቀረ የመንግሥት ስልክ። ለጎርፍ ጥቆማ የተባለው ቁጥር ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተነሳ። የመለሰችው ልጅ ድምፅ ትሑትና የደከመ ነበር። ቀዳዳው የተደፈነው ግቢ ውስጥ ከሆነ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው፤ ዋዲ ላይ ከሆነ ግን የነሱ ነው፤ መኪና ይልካሉ።

"ዋዲ ላይ ነው" አለች ረድኤት።

"አጥሩ ዋዲ ላይ ነው የተሠራው?"

"አዎ።"

"ፈቃድ አለው? የባለቤቱን ስምና የቤቱን ቁጥር ስጪኝ፣ እመዘግባለሁ። አንቺ ለባለቤቱ ምኑ ነሽ?"

ስሙን ብትሰጥ አሠሪዋን ከሰሰች፤ ባትሰጥ መኪና የለም። አምስት ዓመት ስለ ተፋሰስ አስተዳደር የተማረችው ሁሉ እዚህ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ሁሉም ሰው ትክክል ነው፤ ሁሉም ጨዋ ነው፤ ቀዳዳውም ተደፍኗል።

"እደውላለሁ" ብላ ዘጋችው።

እሑድ ዝናቡ ከቁርስ በፊት ጀመረ። የቦሻር መንገድ ከግቢው ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃው በውጭው በር ሥር ገብቶ፣ የንጣፉን ጡብ አልፎ፣ አንድ ደግ ሰው መንገዱን እንዳሳየው በቀጥታ ወደ ጀርባ ሄደ። አራት ሰዓት ሲሆን ከአጥሩ ሥር ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ሸምሲያ በሯ ሥር ፎጣ ጎስጉሳለች።

ረድኤት የረጀብን ዶማ ከአትክልት ዕቃ ቤቱ አወጣች። ረጀብ ጃንጥላ ይዞ ተከተላት።

"ባባ ይቆጣል" አለ በአረብኛ።

"ይቆጣ።"

"ማዳምም ትቆጣለች።"

"ረጀብ፣ አሸዋውንና ሲሚንቶውን ስንት ለአንድ ነው የመታኸው?"

"ሦስት ለአንድ" አለ፤ ኩራት ነበረበት።

"እግዜር ይይልህ።"

ለድመት ተብሎ ሦስት ለአንድ። ሃያ ደቂቃ ቆፈረች፤ መዳፏ ውሃ ቋጠረ፤ በመጨረሻ ረጀብ ማየት አስጠልቶት ዶማውን ተቀብሎ በአራት ምት የአንዱን ቀዳዳ ብሎኬት ነቀለው። የግቢው ውሃ አጉረምርሞ ወደ ዋዲው ይወርድ ጀመር። በሩብ ሰዓት ውስጥ የጡቡ ንጣፍ ታየ።

"ኢንጂነር" አለች ሸምሲያ ከመስኮቱ፣ "ዛሬ ገና ተመረቅሽ።"

ረድኤት አልሳቀችም፤ ደስ ግን ብሏት ነበር። ወጥ ቤት ገብታ ሻይ ጣደች። ማዳም ስለ ዶማው ስትጠይቃት እንኳ ፊቷን ሳታጠቁር መለሰች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሻዩ ሳይፈላ ከጀርባ በኩል የጭነት መኪና ጠጠር የሚያራግፍ የመሰለ ድምፅ መጣ።

ዋዲው ነበር። ተራራው የጠዋቱን ዝናብ ሰብስቦ አሁን ላከው። አሥራ ሦስት እርምጃ ውስጥ መግባት ያቃተው ውሃ በሁለቱም በኩል አጥሩ ላይ ወጣ፤ መልኩ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ረድኤት ስትደርስ የከፈተችው ቀዳዳ ከውጭ ወደ ውስጥ እንደ ቧንቧ ይተፋ ነበር።

ይህንን ታውቀው ነበር። ከውጭ ያለው ውሃ ከውስጡ ሲበልጥ ቀዳዳ ሁለት አፍ አለው፤ ከውጭ ሲገፋው የሚዘጋ መክደኛ ይፈልጋል። መመረቂያ ጽሑፏ ውስጥ በሥዕል አስቀምጣዋለች፤ መምህሯ "ጥሩ" ብሎ አስምሮበታል። ከትናንት ጀምሮ ግን ትክክል መሆኗን ለሰው ማስረዳት ላይ ነበረች፤ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም።

"ረጀብ፣ ብሎኬቱን" አለች። ገፉት። ውሃው መልሶ ገፋቸው። ጆንያ ሞከሩ። ጆንያው ግቢውን አቋርጦ ሄደ።

"ረድኤት" አለች ሸምሲያ። በስሟ ስትጠራት ረድኤት ዞር አለች፤ ከዓመት በላይ አልጠራቻትም። "ውሃው አልጋዬ ላይ ወጣ።"

"ቆዪ፣ ቀዳዳውን ልድፈነው።"

"ቅድም ልክፈተው አልሽ፤ አሁን ልድፈነው ትያለሽ። ሐይቅ አጠገብ ተወልጄ ዋና የማልችል ሴት ነኝ። ቀዳዳውን ተይልኝ።"

"በይ ውጪ።"

"አምባሩስ?"

በመስኮቱ ብረት በኩል ተያዩ። ሸምሲያ አልጋው ላይ ቆማለች፤ ጭንቅላቷ ኮርኒሱን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ አምባር ያለበትን እጇን ውሃ እንዳይነካው ወደ ላይ ይዛዋለች። ለረድኤት ያኔ፣ በሁለተኛው ቀን፣ ጥያቄው መጣላት።

"ሲያስሩልሽ ወረቀት ሰጥተውሽ ነበር?"

"ሰጥተውኛል። አረብኛ ነው። ቁም ሳጥኑ ላይ ለጥፌዋለሁ።"

"ለምን አላሳየሽኝም?"

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

ወረቀቱ በብረቱ መካከል ወጣ፤ ግማሹ ርሷል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ረድኤት በዝናብ ውስጥ ስልኳን በፌስታል ጠቅልላ ደወለች። ሁለተኛው ጥሪ ላይ አንድ ወጣት አነሳው። የአምባሩን ቁጥር ነገረችው፤ ውሃ እንደገባም ነገረችው፤ ከክፍሉ ብትወጣ ፖሊስ ይመጣ እንደሆነ ጠየቀችው።

"ከየትኛው ክፍል?" አለ።

"ከዚህ። ከታሰረችበት።"

"እኅቴ፣ አምባሩ ቤቱን እንጂ ክፍሉን አያውቅም። ፎቅ ውሰጃት። ውሃው ከመጣ ሰዓት ሆነ ትያለሽ፤ ለምን ቶሎ አልደወልሽም?"

ትናንት አርባ ደቂቃ ሌላ ስልክ ስጠብቅ ነበር ልትል አሰበች። አመስግና ዘጋችው።

በሩን ረጀብ ከውጭ፣ ሸምሲያ ከውስጥ ሆነው አስለቀቁት። ውሃው ከጉልበት በላይ ነበር። ረድኤት ሁለት ጭምብል ደርባ ገባችና ወገቧን ይዛ አወጣቻት። ስድስት ቀን የተኛች ሴት ትከብዳለች፤ ውሃ ያዘለ ቀሚስ ይጨመርበታል። ሸምሲያ እስከ ወጥ ቤቱ በር ድረስ እጇን እንደ ጧፍ ከፍ አድርጋ ሄደች።

"አውርጂው አሁን" አለች ረድኤት።

"ልማድ ሆኖብኝ።"

ማዳም ከደረጃው ሥር ቆማለች። ጓንት፣ ጭምብል፣ የአልኮል ጠርሙስ። "ላ፣ ላ። ላይ ልጆች አሉ። አምባሩም አለ።"

"ደውያለሁ። ውሰዷት ብለዋል።"

"ማን ነው ያለው?"

"የአምባሩ ባለቤት።"

ባለቤት የሚለው ቃል ለካ በዚህ አገር ብቻውን ይበቃል። ማዳም ከደረጃው ገለል አለች፤ ከዚያ የልብስ መተኮሻው ክፍል ውስጥ እንጂ ሌላ ቦታ እንዳይገቡ እየነገረች፣ ከኋላቸው እየተከተለች፣ እየረጠበ በሚሄደው ደረጃ ላይ አልኮል ረጨች።

ወጣቱ ከሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ። ሴትየዋን የነካት ማን እንደሆነ ጠየቀ። ረድኤት "እኔ" አለች። እንግዲያው አንቺም አሥር ቀን አትውጪ አላት። ረጀብ በሩን እንጂ ሴትየዋን ስላልነካ አልተቆጠረም።

ማክሰኞ ዕለት መንገድ ተከፍቶ ባባ ኸልፋን ከሲብ ተመለሰ። ጀልባዎቹ ድነዋል። ግቢው ግን ከበር እስከ አጥር ጭቃ ነው፤ ጭቃው ላይ የሰው ጫማ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የሕፃን ወንበር። በዚያ ቤት ጭቃ የሚያጸዱት ሁለት ሰዎች ፎቅ ላይ ተዘግቶባቸዋል፤ ስለዚህ ባባ ራሱ ዲሽዳሻ ቀሚሱን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ከረጀብ ጋር አካፋ ያዘ። አካፋውን የያዘው በተቃራኒው ነበር። ረድኤት ከመስኮቱ እያየች ጥርሷን ነከሰች።

"ጭቃውን ወደ ላይ እኮ ነው የሚገፋው።"

"ተይው፣ ይማር" አለች ሸምሲያ ተኝታ። ትኩሳቷ ወርዷል፤ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ አንኮራፍታለች።

ባባ ቀና ብሎ አያት። "ረድኤት፣ ቀዳዳውን ማን ከፈተው?"

"እኔ ነኝ፣ ባባ።"

ተቆጥቶ ይጮኻል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ቀዳዳውን አየ፤ እሷን አየ። "ታዲያ አሁን ይከፈት ወይስ ይደፈን?"

በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ስለ ውሃ የጠየቃት የመጀመሪያ ሰው ነው። ረድኤት ሁሉንም ነገረችው። አጥሩ አራት ሜትር ወደ ኋላ መመለስ እንዳለበት፤ ጎረቤቱም፣ ማዶ ያሉትም እንደዚያው፤ ዋዲው ስፋቱን ካላገኘ ውሃው የሚሄደው ሰው ቤት እንደሆነ፤ ቀዳዳ ደግሞ መክደኛ ከሌለው ዋጋ እንደሌለው። ባባ አገጩን አካፋው ላይ አስደግፎ አዳመጠ።

"እሺ" አለ ስትጨርስ። "ቀዳዳውስ?"

"ቀዳዳው አይደለም ችግሩ። አጥሩ ነው።"

"አጥሩማ ገንዘብ ወጥቶበታል። ቀዳዳውን ነው የጠየቅኩሽ።"

ከመጀመሪያው ጀመረችለት። ግማሽ ላይ ስትደርስ ሸምሲያ ከአልጋዋ፣ "የማያደርገውን ነግረሽ ጨረስሽ" አለች። "የሚያደርገውን ደግሞ ንገሪው።"

ረድኤት ንዴቷን ዋጠች። ስለ መክደኛው የቀረውን ተወችው።

"ባባ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው አይተኛ። የታመመም ያልታመመም። ሠራተኛም እንግዳም።"

ባባ ወደ ክፍሉ ዞረ። በሩ ክፍት ነው፤ ግድግዳው ላይ ጭቃው ያሰመረው መስመር ከአልጋው በላይ፣ ከመስኮቱ ደፍ በታች ይሄዳል።

"ኻላስ" አለ። "ማንም አይተኛም።"

"አልጋው ይውጣ እንግዲያው። አሁን።"

ረጀብን ጠርቶ ገቡ። አልጋው ክፍሉ ውስጥ የተገጣጠመ ስለነበር በበሩ አላልፍ አለ። ባባ ወጣ፤ መፍቻ ፈልጎ ተመለሰ፤ ተንበርክኮ ብሎኑን አንድ በአንድ ፈታው። ረድኤት አራተኛው እግር ወጥቶ ግቢው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር እስኪደረደር ድረስ ከመስኮቱ አልተነሳችም።